የኤስትሮጅን ጉድለትና የመንጋጋ አጥንት፤ የእንስሳት ጥናት ለጥርስ ሐኪሙ የሚያስተምረው

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ ሴት ጥርሷ መነቃነቅ ሲጀምር ወደ ሐኪም ቀርባ ከምታነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «ይህ የመጣብኝ ስላረጥኩ ይሆን?» የሚለው ነው። ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን አጭር ሊሆን አይችልም። ሐኪሙ «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ ቢያሰናብታት፣ ሊታከም የሚችለውን የድድ በሽታ በተፈጥሮ ላይ አላክኮ ጥርሷን ለጥፋት አሳልፎ መስጠቱ ነው። «ማረጥና ጥርስ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ቢመልስላት ደግሞ፣ በአጥንቷ ውስጥ በእውነት የሚካሄደውን ለውጥ መካዱ ነው። መልሱ የትኛውም ቢሆን የሚጎዳው ያው ጥርሷ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ በነዚህ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ያለውን መንገድ ማመልከት ነው። ለዚህም መሪ ሆኖ የሚቀርበው በእንስሳት፣ በተለይም በአይጥ ላይ የተካሄደው ምርምር ነው። ምርምሩ ብዙ ነገር አስረድቷል፤ ነገር ግን ውጤቱ ሁልጊዜ በአንድ አፍ የሚናገር አይደለም። ስለዚህም ምን እንደ ተገኘ ብቻ ሳይሆን፣ እንዴት እንደ ተገኘና እስከ ምን ድረስ ወደ ሰው ሊተላለፍ እንደሚችል መመርመር ይገባል።

የሐሳቡ መነሻ

በኤስትሮጅንና በአጥንት መካከል ያለው ግንኙነት በግልጽ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 ነው። በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ፉለር ኦልብራይት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አጥንታቸው የሳሳባቸውን ሕመምተኞች ሲመረምሩ፣ ከነርሱ አብዛኞቹ ያረጡ ሴቶች መሆናቸውን አስተዋሉ። ኤስትሮጅን በተሰጣቸውም ጊዜ ሰውነታቸው ካልሲየምን ይዞ ማስቀረት እንደ ጀመረ ተመለከቱ። ከዚህም በመነሣት የእንቁላል ዕጢዎች ሥራቸውን ሲያቆሙ አጥንት ከዋነኛ ጠባቂዎቹ አንዱን ያጣል ወደሚል መደምደሚያ ደረሱ።

ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአጥንት ሐኪሞች ዓይን ያረፈው በአከርካሪ፣ በጭን አጥንት አንገትና በእጅ አንጓ ላይ ነበር። እነዚህ አጥንቶች ሲሰበሩ አደጋው ወዲያውኑ ይታያል። መንጋጋ ግን በመሳሳት ብቻ ተሰብሮ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። የመንጋጋ ጉዳት የሚገለጠው በስብራት ሳይሆን፣ ጥርስ ቀስ በቀስ ማቀፊያውን እያጣ በመሄዱ ነው። ጥርስ በሚነቀልበት ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ የድድ በሽታ ተብሎ ይመዘገባል እንጂ የሆርሞን ጉድለት የነበረው ድርሻ ተለይቶ አይጻፍም። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ከሕክምና ክፍሉ ወጥቶ ወደ ቤተ ሙከራ መግባት አስፈላጊ ሆነ።

አይጥ የተመረጠችበት ምክንያት

አንዲት ሴት ከሌላዋ ሴት የምትለየው በሆርሞን ብቻ አይደለም። ምግቧ፣ የወለደቻቸው ልጆች ብዛት፣ ትምባሆ ማጨሷ ወይም አለማጨሷ፣ ጥርሷን የምታጸዳበት ልማድ፣ የምትወስደው መድኃኒት ሁሉ የተለያየ ነው። በአይጥ ግን ዕድሜውን፣ ምግቡን፣ የብርሃኑንና የጨለማውን ሰዓት ሳይቀር እኩል ማድረግ ይቻላል። ከዚያም በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ። የአንደኛው ምድብ አይጦች በማደንዘዣ ተኝተው ሁለቱም የእንቁላል ዕጢዎቻቸው ይወጣሉ። ሁለተኛው ምድብ ማነጻጸሪያ ሲሆን፣ የይምሰል ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፤ ይኸውም ሆዳቸው ተከፍቶ ዕጢው ከታየ በኋላ ወደ ቦታው ተመልሶ ይሰፋል። የቀዶ ሕክምናው ሥቃይና የማደንዘዣው ድካም በሁለቱም ዘንድ እኩል ስለሚሆን፣ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከዕጢው መውጣት የመጣ መሆኑ ይታወቃል። በሙከራው ፍጻሜም ማሕፀን ይመዘናል። ማሕፀኑ ቀጥኖና ሟሽሾ ከተገኘ ኤስትሮጅን በእርግጥ መጥፋቱን ያረጋግጣል።

ይህ የአሠራር ዘዴ በአጥንት ምርምር ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል። ዳይክ ካሉ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ግምገማ ዕጢዋ የወጣላት አይጥ ካረጠች በኋላ አጥንቷ ለሚሳሳ ሴት ጥሩ አምሳያ መሆኗን በዝርዝር አስረድተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መመሪያ፣ ለአጥንት መሳሳት የሚቀርብ አዲስ መድኃኒት በሁለት የእንስሳት ዓይነቶች እንዲፈተን ሲጠይቅ፣ አንዷ ይህችው ዕጢዋ የወጣላት አይጥ እንድትሆን፣ ሁለተኛውም አጥንቱን እንደ ሰው የሚያድስ ተለቅ ያለ እንስሳ እንዲሆን አድርጓል።

ይህ ማለት ግን አይጥ ሴት ናት ማለት አይደለም። አይጥ እንደ ሴት አታርጥም፤ የእንቁላሏ ዑደት አራት ወይም አምስት ቀን ብቻ ነው። በሴት ዘንድ ኤስትሮጅን የሚቀንሰው በዓመታት ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ ሲሆን፣ በአይጧ ዘንድ በአንድ ቀን ይቋረጣል። ስለዚህ ሙከራው ይበልጥ የሚመስለው በቀዶ ሕክምና ምክንያት ዕጢዋን ያጣችን ሴት ነው። ከዚህም በላይ የአይጥ አጥንት ከጉርምስና በኋላም ለወራት ያድጋል። የሦስት ወር አይጥ ገና በማደግ ላይ ያለች ስለሆነች፣ በርሷ ላይ የታየው ልዩነት አጥንት ከመጥፋቱ የመጣ ይሁን ወይም በወጉ ካለማደጉ የመጣ ይሁን ለመለየት ያስቸግራል። ዕጢዋ የወጣላት አይጥ ብዙ ትበላለች፤ ክብደቷም ይጨምራል። ክብደት ደግሞ በራሱ እግርን ይጫናል። ጠንቃቃ ተመራማሪዎች የሁለቱን ምድቦች ምግብ በልክ የሚሰጡት ስለዚህ ነው።

በመንጋጋ በኩል ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን በሙሉ ሳያቋርጥ ያድጋል፤ ረጅሙ ሥሩም በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዞ ያልፋል። የኋላ ጥርሶቿም ባሉበት የሚቆዩ አይደሉም፤ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ከዚህም የተነሣ በጥርሱ ሥር በአንድ በኩል ያለው አጥንት ሲፈርስ በሌላው በኩል ያለው ይገነባል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ እንጂ በሽታ አይደለም። እንግዲህ አንዱ ተመራማሪ የሚፈርሰውን ግድግዳ፣ ሌላው የሚገነባውን ግድግዳ ቢለኩ፣ ሁለቱም እውነቱን ተናግረው ሊለያዩ ይችላሉ።

ቅልጥምና መንጋጋ ሲነጻጸሩ

ዕጢዋ በወጣላት አይጥ ዘንድ የአጥንት ጥፋት በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ አይጀምርም። በቅልጥም አጥንት የላይኛው ጫፍ፣ ከጉልበት በታች ባለው ስፖንጃማ ክፍል ውስጥ፣ ጥፋቱ በ14 ቀን ውስጥ ጎልቶ ይለካል። በጭን አጥንት አንገት ላይ እስከ 30 ቀን፣ በወገብ አከርካሪ ላይ ደግሞ እስከ 60 ቀን ድረስ ይፈጃል። ይህ ልዩነት በራሱ ትልቅ ትምህርት አለው። ሆርሞኑ ከደም ውስጥ የጠፋው ለሁሉም አጥንት በአንድ ቀን ነው፤ አጥንቶቹ ግን ለጉድለቱ የሚሰጡት መልስ እንደየቦታቸው ነው።

መንጋጋ በዚህ ተራ ውስጥ የሚገኘው ከኋለኞቹ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ዕጢያቸው በወጣላቸው አይጦች ዘንድ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከስፋቱ የሚይዘው ድርሻ መቀነሱን አሳየ። የጃፓን ተመራማሪዎችም በአይጥ የኋላ ጥርስ ሥሮች መካከል ያለውን ስፖንጃማ አጥንት በአጉሊ መነጽር እየመረመሩ፣ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ምሰሶዎች እየሳሱና እየተቆራረጡ መሄዳቸውን ገለጡ። በሌላ በኩል በአይጥ መንጋጋ ላይ ምንም ልዩነት አላገኘንም ያሉ ተመራማሪዎችም ነበሩ።

ይህን አለመግባባት ለማስታረቅ ከረዱት ሥራዎች አንዱ በጄኔቫ ማቭሮፖሎስ፣ ሪዞሊና አማን እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ነው። እነዚህ ተመራማሪዎች መንጋጋንና ቅልጥምን በተለያዩ እንስሳት ሳይሆን በአንድ እንስሳ አካል ላይ አነጻጸሩ። ኤስትሮጅን ሲጎድል፣ ፕሮቲንም ከምግቡ ሲቀነስ፣ ጥርስን የሚያቅፈው አጥንት ከቅልጥሙ ያነሰ ጉዳት እንደሚደርስበት ተገነዘቡ። እንግዲህ መንጋጋ ከሆርሞኑ ጉድለት ነጻ አይደለም፤ ነገር ግን ቅልጥም በሚጎዳበት ልክና ፍጥነት አይጎዳም።

በዚህ ብርሃን ሲታዩ የቀድሞዎቹ ጥናቶች አለመስማማት ይገባል። ሙከራው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ከቆየ ቅልጥም ሲሳሳ መንጋጋ ገና አልተነካም ይሆናል። በምግቡ ውስጥ ካልሲየም ሆን ተብሎ ከተቀነሰ ጥፋቱ ይጎላል፤ ይሁን እንጂ ያን ጊዜ የሆርሞኑና የካልሲየሙ ድርሻ ይደባለቃል። መሣሪያውም ለውጥ ያመጣል። ተራ የራጅ ፎቶግራፍ ውፍረት ያለውን አካል በአንድ ገጽ ላይ ስለሚያነጥፈው፣ በጥርስ ሥሮች መካከል ያለው ትንሽ ጥፋት በጥቅጥቁ ቅርፊት ይሸፈናል። ማይክሮ ሲቲ የተባለው መሣሪያ ግን አጥንቱን በሦስቱም አቅጣጫ፣ ከሚሊሜትር መቶኛ በሚቀርብ ጥራት ስለሚያሳይ፣ የምሰሶዎቹን ውፍረት፣ ብዛትና ትስስር ለይቶ ለመቁጠር ያስችላል። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለው ቃል «የለም» ከሚለው ጋር አንድ እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የማኘክ ኃይል

መንጋጋን ከቅልጥም ይልቅ የጠበቀው ምንድር ነው? አንደኛው መልስ ከአፈጣጠሩ የሚመጣ ነው። የእግርና የእጅ አጥንቶች የሚመነጩት ሜሶደርም ከተባለው የፅንስ ሽፋን ሲሆን፣ የመንጋጋ አጥንት ግን የነርቭ ጉብታ ከሚባለው ክፍል ከሚፈልሱ ሕዋሳት ይመነጫል። የትውልዱ ልዩነት ለሆርሞን በሚሰጠው መልስ ላይም ልዩነት ሊያመጣ ይችላል።

ሁለተኛውና ለጥርስ ሐኪሙ ይበልጥ የሚጠቅመው መልስ ግን ከሥራው የሚመጣ ነው። ጀርመናዊው ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተሙት መጽሐፍ አጥንት ቅርጹን ከሚሸከመው ጭነት ጋር እንደሚያስማማ አስተምረዋል። አጥንት ሲሠራ ይጠነክራል፤ ሥራ ሲፈታ ይሳሳል። በቤት ውስጥ ታስራ የምትኖር አይጥ እግሮቿን ብዙ አታሠራቸውም፤ ጠንካራ ምግቧን ለመከርተፍ ግን በየቀኑ መንጋጋዋን ታሠራለች። ታዲያ የመንጋጋው ጠባቂ ይኸው የማኘክ ኃይል ቢሆንስ?

የጄኔቫዎቹ ተመራማሪዎች ከኪሊያሪዲስ ጋር ሆነው ይህን ግምት በቀጥታ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱን አቀረቡ። ዕጢያቸው ከወጣላቸውና ካልወጣላቸው አይጦች ገሚሶቹ ጠንካራውን የተለመደ ምግብ ሲመገቡ፣ ገሚሶቹ ለስላሳ ምግብ ተመገቡ። በውጤቱም ወጉን ጠብቆ ማኘክ የታችኛውን መንጋጋ አጥንት ኤስትሮጅን በመጉደሉ ከሚመጣው ጉዳት በከፊል እንደሚጠብቀው ተገለጠ። በከፊል የሚለው ቃል ሊዘነጋ አይገባውም። ማኘክ ሆርሞኑን አይተካም፤ ሆኖም ጉድለቱ የሚያደርሰውን ጥፋት ያለዝባል።

የዚህን ፍሬ ነገር ለመረዳት ቆሎ እያኘከ ያደገ መንጋጋንና ጥርሱን አጥቶ ገንፎና ሾርባ ብቻ የሚውጥ መንጋጋን በሐሳብ ማነጻጸር ይበቃል። ጥርስ በሚነቀልበት ጊዜ የሚጠፋው ጥርሱ ብቻ አይደለም፤ በጥርሱ ሥር በኩል ወደ አጥንቱ ይተላለፍ የነበረው ጭነትም አብሮ ይጠፋል። አንትየ ታልግሬን እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚጠቀሙ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ድረስ ተከታትለው፣ ጥርስ የነበረበት የድድ ጉብታ ያለማቋረጥ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ በታችኛው መንጋጋ ላይ የሚደርሰው ጥፋትም በላይኛው ላይ ከሚደርሰው አራት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። በአንድ በኩል ሆርሞኑን፣ በሌላ በኩል ጥርሱንና የማኘክ ኃይሉን ያጣች ሴት፣ ሁለቱን ጠባቂዎች በአንድነት ያጣች ሴት ናት።

የድድ በሽታ ሲታከልበት

እስካሁን የተነገረው ንጹሕ አፍ ስላላት አይጥ ነው። በሕክምና ክፍል የምትታየው ሴት ግን ብዙ ጊዜ ከድድ በሽታ ጋር የምትመጣ ናት። ይህን ሁኔታ ለመምሰል ተመራማሪዎች በአይጧ የኋላ ጥርስ አንገት ላይ የሐር ወይም የጥጥ ክር ያስራሉ። በክሩ ዙሪያ ባክቴሪያዎች ይከማቻሉ፤ ድዱ ይቆጣል፤ በጥቂት ቀናትና ሳምንታት ውስጥም በጥርሱ ሥር ያለው አጥንት መፍረስ ይጀምራል።

የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ ክር የታሰረባቸውን አይጦች እንደገና ለይተው፣ ዕጢያቸው የወጣላቸውን ካልወጣላቸው ጋር አነጻጸሩ። ክሩና በሽታው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ኤስትሮጅን በጎደለባቸው አይጦች ዘንድ የጠፋው አጥንት የበለጠ ሆነ። የአጥንትን መፍረስ የሚገቱ መድኃኒቶች በተሰጡ ጊዜም ይህ ተጨማሪ ጉዳት ቀነሰ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት እንዲህ ነው። እሳቱን የሚጭረው ባክቴሪያ ነው፤ የኤስትሮጅን ጉድለት ግን ሣሩን አስቀድሞ ያደርቀዋል። በእርጥብ ሣር ላይ የወደቀ ፍም ጥቂት ጨሶ ሊጠፋ ይችላል፤ በደረቀው ላይ የወደቀው ግን መስኩን ያዳርሳል። ፍሙን ቀድሞ ያጠፋ ሰው ሣሩ ቢደርቅም መስኩን ያድናል። ስለዚህ የሆርሞኑ ጉድለት የአፍ ንጽሕናን ዋጋ የሚቀንስ ሳይሆን እጅግ ከፍ የሚያደርግ ነው።

በሕዋስ ደረጃ የሚታየው

ሁለቱ ጉዳቶች የሚደራረቡት በአጋጣሚ አይደለም። አጥንት በየጊዜው በአፍራሽ ሕዋሳት ይፈርሳል፤ በገንቢ ሕዋሳትም ይሞላል። አፍራሹ ሕዋስ የሚፈጠረውና የሚሠራው ራንክ ሊጋንድ የተባለው ፕሮቲን ሲያዝዘው ነው። ኦስቲዮፕሮቴጅሪን የተባለው ሌላ ፕሮቲን ደግሞ ይህን ትእዛዝ በመንገድ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ኦስቲዮፕሮቴጅሪን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997፣ ራንክ ሊጋንድ በአጥንት ላይ ያለው ሥራ የታወቀው በ1998 ነው። የኤስትሮጅን መቀበያ በሰው አጥንት ገንቢ ሕዋሳት ውስጥ መኖሩ አስቀድሞ በ1988 ስለ ተረጋገጠ፣ ሆርሞኑ በአጥንት ላይ በቀጥታ እንደሚሠራ ታውቆ ነበር።

ኤስትሮጅን በሚኖርበት ጊዜ ኦስቲዮፕሮቴጅሪን ይበረታል፤ ራንክ ሊጋንድ ይገታል፤ አፍራሹም ሕዋስ ጊዜውን ሳያራዝም ይሞታል። ኤስትሮጅን ሲጎድል ሚዛኑ ይገለበጣል። አፍራሾቹ ይበዛሉ፤ ዕድሜያቸውም ይረዝማል፤ ገንቢዎቹ የተቆፈረውን ጉድጓድ ሁሉ መሙላት ያቅታቸዋል። ምሰሶዎቹ በመጀመሪያ ይቀጥናሉ፤ ኋላም ይቆረጣሉ። የቀጠነ ምሰሶ ሊወፍር ይችላል፤ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ግን እንደ ቀድሞው ተመልሶ አይጋጠምም። የመከላከል አስፈላጊነት ከዚህ ይነሣል።

የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትም በነገሩ ውስጥ አሉበት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቲ ሊምፎሳይት የሌላቸው የቤት አይጦች ዕጢያቸው ቢወጣም እንደ ሌሎቹ አጥንታቸውን አያጡም። ኤስትሮጅን ሲጎድል ቲ ሊምፎሳይቶች ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለውን የቁጣ መልእክተኛ አብዝተው ያወጣሉ፤ ይህም አፍራሾቹን ያነሣሣል። በታመመ ድድ ውስጥም የሚገኙት እነዚሁ መልእክተኞች፣ ማለትም ቲ.ኤን.ኤፍ.፣ ኢንተርሉኪን-1 እና ራንክ ሊጋንድ ናቸው። ከዕጢው መጥፋትና ከባክቴሪያው የሚነሡት ሁለት መንገዶች በአንድ በር ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

በግና ዝንጀሮ

የአይጥ ጥቅጥቅ አጥንት በተለመደው ሁኔታ እንደ ሰው አጥንት ከውስጥ እየተቦረቦረ አይታደስም። ስለዚህ ተለቅ ያሉ እንስሳት ምስክርነት ያስፈልጋል። በግ ጥርሷና አጥንቷ ለመለካት ይመቻሉ። ይሁን እንጂ እንቁላሏ በወቅት የተወሰነ ስለሆነና ዕጢዋ ከወጣ በኋላ የሚታየው የአጥንት መሳሳት ከወራት በኋላ ሊያገግም ስለሚችል፣ ካልሲየም መቀነስን የመሰለ ሌላ ጫና ካልታከለበት በርሷ ላይ የተገኘውን ውጤት በጥንቃቄ መመዘን ይገባል።

ለሰው ይበልጥ የምትቀርበው ማካክ የተባለችው ዝንጀሮ ናት። የወር አበባ ታያለች፤ የጥርሷም አቀማመጥ የሰውን ይመስላል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕጢያቸው በወጣላቸው ማካኮች ዘንድ በጥርስ ሥሮች መካከል ያለው አጥንት እየሳሳ መሄዱን፣ ይህም ከወገብ አከርካሪያቸው መሳሳት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጠዋል። በአይጥ የታየው ነገር የአይጥ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያመለክታል።

ከእንስሳ ወደ ሰው

በሰው በኩል ያለው ማስረጃ አቅጣጫው ተመሳሳይ ነው፤ ጥንካሬው ግን አነስተኛ ነው። በካሊፎርኒያ ሌዠር ወርልድ በተባለው የጡረተኞች መንደር የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ክትትል፣ ኤስትሮጅን የወሰዱ ሴቶች ካልወሰዱት ይልቅ ጥርሳቸውን ጠብቀው መገኘታቸውን አሳይቷል። በአሜሪካ ነርሶች ላይ የተካሄደው ሰፊ ክትትልም በ1996 ወደዚያው ያዘነበለ ውጤት አቅርቧል።

ነገር ግን ሆርሞን ለመውሰድ የመረጡ ሴቶች በትምህርት፣ በኑሮና ሐኪም በመጎብኘት ልማድ ካልመረጡት ሊለዩ ይችላሉ። ይህ ልዩነት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2002 ታየ። በአሜሪካ በዕጣ የተመደቡ ሴቶችን ይዞ የተካሄደው የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ የተባለው ታላቅ ሙከራ፣ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አንድ ላይ የሚወስዱት ሴቶች የዳሌ ስብራታቸው በሲሶ ያህል ቢቀንስም፣ የጡት ካንሰርና የልብ ሕመም አደጋ ከፍ ማለቱ ስለ ተረጋገጠ ያ ክፍሉ ከተወሰነለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ። ቀደም ያሉት ክትትሎች ሆርሞኑ ልብን ይጠብቃል ብለው ነበር። እንግዲህ ጥርስን ለማዳን ብቻ ተብሎ ሆርሞን የሚታዘዝበት ምክንያት የለም።

የእንስሳት ጥናት ዋጋም እዚህ ላይ ይታያል። የእንስሳት ጥናት ለሴቲቱ ምን መድኃኒት ይሰጣት ለሚለው መልስ አይሰጥም። ምክንያትንና ውጤትን ግን ይለያል፤ የኤስትሮጅን መጉደል ብቻውን፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሳለ፣ የመንጋጋን አጥንት ሊያሳሳ እንደሚችል ያስረዳል። ይህን በሰው ላይ በዚህ ልክ ለይቶ ማሳየት አይቻልም።

ለዕለት ሥራ የሚሰጠው መመሪያ

ከተነገረው ሁሉ ለሙያው የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፤ ያረጠች ሴት የድድ በሽታ ሲኖርባት ሕክምናው ሊዘገይ አይገባውም። በአጥንቷ ያለው መጠባበቂያ አነስተኛ ስለሆነ፣ ጥርስ ማጽዳቱና ክትትሉ ከሌላው ጊዜ ይልቅ መቀራረብ አለበት። «የዕድሜ ነገር ነው» የሚለው አነጋገር ምርመራም ሕክምናም አይደለም።

ሁለተኛ፤ ሊድን የሚችልን ጥርስ ማዳን አጥንትን ማዳን ነው። የተነቀለውንም ተክቶ የማኘክን ኃይል መመለስ ለውበት ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። በለስላሳ ምግብ የተመገቡት አይጦች ያስተማሩት ይህን ነው።

ሦስተኛ፤ የጥርስ ሐኪሙ ራጅ ከመንጋጋ ያለፈ ነገር ሊናገር ይችላል። ክሌሜቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 በፓኖራሚክ ራጅ ላይ የታችኛው መንጋጋ የታችኛው ቅርፊት የሚያሳየውን መሳሳትና መቦርቦር በሦስት ደረጃ ከፍለው አቅርበዋል። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የተካሄደ ጥናትም የአገጭ ነርቭ ከሚወጣበት ቀዳዳ በታች ያለው ቅርፊት ከ3 ሚሊሜትር ሲያንስ ሴቲቱን ለአጥንት ምርመራ ወደ ሐኪም መላክ እንደሚገባ አመልክቷል። ለጥርስ ተብሎ የተነሣ ራጅ የዳሌን ስብራት አስቀድሞ ለመከላከል ሊረዳ ይችላል።

አራተኛ፤ ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡት መድኃኒቶች በመንጋጋ ላይ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቢስፎስፎኔት የወሰዱ ሕመምተኞች የመንጋጋ አጥንት መሞት እንደሚደርስባቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ተገለጠ። ራንክ ሊጋንድን የሚገታው ዴኖሱማብ የተባለው መድኃኒትም ተመሳሳይ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። አደጋው ይበልጥ የሚታየው ለካንሰር በከፍተኛ መጠን በሚሰጥበት ጊዜ ሲሆን፣ ለአጥንት መሳሳት በሚሰጠው መጠን ግን ጥቂት ነው። በአይጥ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት መድኃኒቱና ጥርስ መንቀል ወይም የድድ ኢንፌክሽን ሲገናኙ ጉዳቱ ይነሣል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት አፍ ሊመረመር፣ መነቀል ያለበትም ሊነቀል ይገባል። ይህ እንዲሆን መድኃኒቱን የሚያዝዘው ሐኪምና የጥርስ ሐኪሙ መጻጻፍ አለባቸው። ሴቲቱም በፍርሃት መድኃኒቷን ራሷ እንዳታቋርጥ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የዳሌ ስብራት ከመንጋጋ ቁስል ይልቅ የብዙዎችን ሕይወት ይቀጥፋልና።

አምስተኛ፤ ለወደፊት ምርምር የሚሰማሩ ባልደረቦች ያለፉትን አለመግባባቶች እንዳይደግሙ ይጠበቃል። የእንስሳው ዕድሜ፣ የሙከራው ርዝመት፣ የሚለካው ግድግዳ፣ የምግቡ ጥንካሬና የካልሲየሙ መጠን አስቀድሞ ሊወሰንና በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ቅልጥምም ከመንጋጋ ጋር አብሮ ቢለካ የሆርሞኑ ጉድለት በእርግጥ መሥራቱ ይታወቃል። ራስልና በርች የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥሩን መቀነስና ሥቃዩን ማቃለል እንደሚገባ አሳስበዋል። በዝርክርክ አሠራር ምክንያት መልስ ሳይሰጥ የቀረ ሙከራ፣ የእንስሳውን ሕይወት በከንቱ ያጠፋ ሙከራ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ በመንጋጋ ውስጥ ያለው አጥንት ሦስት ጠባቂዎች እንዳሉት ከዚህ ምርምር ተረድቷል። እነርሱም ሆርሞን፣ የማኘክ ሥራና ንጹሕ ድድ ናቸው። የመጀመሪያው በተፈጥሮ ሕግ ጊዜውን ጠብቆ ይሄዳል፤ እርሱንም ማስቀረት የጥርስ ሐኪሙ ሥልጣን አይደለም። የቀሩት ሁለቱ ግን በየዕለቱ በእጁ የሚያልፉ ናቸው። አንደኛው ጠባቂ ሲሄድ የቀሩት ሁለቱ በቦታቸው እንዲገኙ ማድረግ የሙያው ኃላፊነት ነው።